ውኃ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ፈላ፤ የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ መጽሐፉ?

የ7ኛ_ቢ_መምህር፦

ሰላም ለቤቱ። ለ7ኛ ክፍል የቁስ አካልን ሁኔታዎች (ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ) በቃል ከማስጠናት በሙከራ ማሳየት ይሻለኛል። ትምህርት ቤቱ ድሬዳዋ ነው፤ ቤተ ሙከራ የለም። ያለው ዕቃ እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለካ ቀይ የአልኮል ቴርሞሜትር፣ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ድስት፣ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛንና ከሱቅ የሚገዛ በረዶ ነው።

አራት ነገር አልገባ አለኝ። በረዶና ውኃ በብርጭቆ አድርጌ ስለካ 3 ዲግሪ ላይ ይቆማል፣ 0 አይወርድም። ውኃ ሳፈላ ደግሞ 96 ላይ ይንፈቀፈቅና ከዚያ ንቅንቅ አይልም፤ ተማሪዎቹ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" ብለው ፈርደዋል። ሦስተኛ፣ "ፈሳሽ ማለት የሚፈስና የያዘውን ዕቃ ቅርጽ የሚይዝ ነው" ለሚለው ትርጉም "ታዲያ ጤፍና አሸዋ ፈሳሽ ናቸው?" የሚል ጥያቄ መጥቷል። አራተኛው ጋዝ ነው፤ የማይታይ ነገር በምን ይታያል?

እዚሁ ድሬ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ነገር ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ብልቃጥ፦

መምህር፣ ቴርሞሜትሩም መጽሐፉም ልክ ናቸው። መጽሐፉ 100 ያለው በባሕር ወለል ግፊት ነው፤ ይኸውም 101.3 ኪሎ ፓስካል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 88 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በዚህ ግፊት ውኃ በ96 ዲግሪ ይፈላል። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ነው፣ ግፊቱ ወደ 81 ይወርዳል፣ ውኃውም 94 ሳይሞላ ይፈላል። ለጥቁር ሰሌዳ የሚሆን ግምት ከፈለጉ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ይቀንሱ።

ምክንያቱን ልጆቹ እንዲይዙት በአረፋው ይጀምሩ። ውኃ ከላዩ ብቻ ሲተን ትነት ነው፤ ይህ በማንኛውም የሙቀት መጠን ይሆናል፣ ልብስም የሚደርቀው በዚሁ ነው። ፍላት ግን ከውስጥ ነው፤ ከድስቱ ሥር የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ያ አረፋ እንዳይጨፈለቅ በውስጡ ያለው የእንፋሎት ግፊት ከላይ የተጫነውን አየር መመከት አለበት። የሚጫነው አየር ከቀለለ አረፋው በትንሽ ሙቀትም ይቆማል። ምሥጢሩ ይኸው ነው። አረፋው ከቆመ በኋላ የሚጨመረው ሙቀት ሁሉ ፈሳሹን ወደ ጋዝ ለመለወጥ ይውላል እንጂ የሙቀት መጠኑን አይጨምርም፤ 96 ላይ "ደርቆ መቅረቱ" ጉድለት ሳይሆን ማሳየት ያለብዎት ዋናው ነገር ነው።

"ጨው ጨምርበትና 100 ይገባል" የሚል ሰው አይጠፋም። አይገባም። በ1 ሊትር ውኃ 30 ግራም ጨው ቢጨመር የመፍያ ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው በግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ያ ውኃ ደግሞ ለመጠጣት የሚያስመርር ጨው አለበት።

አሁን በረዶው። 3 ያነበበው የቴርሞሜትሩ አምፑል ብርጭቆው ሥር ስለተቀመጠ ነው። ውኃ በጣም የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነው፤ በረዶው ከላይ ይንሳፈፋል፣ 4 ዲግሪ የሆነው ውኃ ደግሞ ወርዶ ሥር ይተኛል። በድሬ ሙቀት ይኼ በደቂቃዎች ውስጥ ይሆናል። እንዲህ ያድርጉ፦ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው ሽንብራ እስኪያህል ይቀጥቅጡ። ብርጭቆውን ጢም አድርገው በተቀጠቀጠው በረዶ ይሙሉ፣ ክፍተቱን ለመሙላት የሚበቃ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይጨምሩ፤ ውኃው በርክቶ በረዶው መንሳፈፍ ከጀመረ ያፍስሱት። ብርጭቆውን በፎጣ ይጠቅልሉ። አምፑሉን መሃል ላይ አድርገው 2 ደቂቃ በማንኪያ ያማስሉ፣ ከዚያ ያንብቡ። 0 ወይም ግማሽ ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ካልሆነ ያኔ ቴርሞሜትሩን ይጠርጥሩ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሙከራ ነው ዕንቁው። 200 ግራም የተቀጠቀጠ በረዶ ድስት ውስጥ ጨምረው ምድጃው ላይ ይጣዱ፣ በየ30 ሰከንዱ እያማሰሉ ያንብቡና ነጥቡን በካሬ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በረዶው እስኪያልቅ መስመሩ 0 አካባቢ ይጋደማል፤ ከዚያ ይወጣል፤ 96 ላይ እንደገና ይጋደማል። ስሌቱ ይህ ነው፦ 1 ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ጁል፣ 1 ግራም ውኃ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 4.18 ጁል፣ 1 ግራም ውኃ ለመትነን 2,260 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ለ200 ግራሙ ሲባዛ መቅለጡ 67,000፣ ከ0 እስከ 96 መሞቁ 80,000፣ ሙሉ በሙሉ መትነኑ 450,000 ጁል አካባቢ ነው። ምድጃው ሙቀቱን በእኩል ፍጥነት ቢሰጥ፣ ለመቅለጥ 5 ደቂቃ የፈጀ በረዶ ለመፍላት 6 ደቂቃ ይጨምርና ተንኖ ለማለቅ 34 ደቂቃ ይወስዳል። ልጆች ሁልጊዜ የሚገምቱት ተገላቢጦሹን ነው።

ሦስት ነገር ያበላሻል። ምድጃው ቀድሞ ካልጋለ የመጀመሪያው ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከመጣድዎ በፊት 5 ደቂቃ ያግሉት። አምፑሉ የድስቱን ሥር ከነካ የብረቱን ሙቀት ያነባል፤ በክር አንጠልጥሉት። ካላማሰሉ ደግሞ በረዶው ሳያልቅ ሥሩ 10 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ የተጋደመው መስመርም ይጠፋል። ድስቱ እስኪደርቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለ5 ደቂቃ አፍልተው ከነድስቱ ይመዝኑ። 60 ግራም ከቀነሰ፣ 60 ሲባዛ በ2,260 ወደ 136,000 ጁል ነው። ምድጃው በ5 ደቂቃ የሰጠው 300,000 ነው። ግማሹ እንኳ ውኃው ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ይህን ለመብራት ቆጣሪ ከፋይ ወላጆችም ያሳዩልን።

የመኪና_መንገድ፦

አቦ መምህር፣ ጋዝ ለማሳየት ምን ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል? ከድሬ ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ሐረር የሚመላለስ ሰው አታጣም፣ ለሱ ስጠው።

ሦስት ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሐረር ላይ ይዘጋጅ። አንዱ ባዶ፣ ማለትም አየር ብቻ፣ ውስጡ ደረቅ። ሁለተኛው አየር እስከማይቀረው ድረስ በውኃ የተሞላ። ሦስተኛው በደረቅ አሸዋ የተሞላ ሆኖ የአሸዋው ክፍተት በውኃ የተያዘ። ክዳናቸው ጥብቅ ተደርጎ ድሬ ይውረዱ። ደንገጎን አልፎ ቁልቁለቱ ሲያልቅ አየር የያዘው ጎኑ ገባ ብሎ ታገኘዋለህ፤ ሁለቱ ግን እንደነበሩ ናቸው። ጠጣርና ፈሳሽ በዚህች የግፊት ለውጥ አይጨመቁም፤ ጋዝ ይጨመቃል። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ አለ?

ለመለካት ደግሞ እንዲህ ነው። አየር የያዘውን ጠርሙስ ድሬ ላይ ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት አሳርፈው። ባልዲ ውኃ ውስጥ አፉን ወደ ታች አድርገህ ዝቀጠው፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ ክዳኑን ፍታ። ውኃ ሽው ብሎ ይገባል። የውስጡና የውጪው ውኃ እኩል እስኪሆን ጠርሙሱን ከፍ ዝቅ አድርግና እዚያው ውስጥ ክደነው። አውጣ፣ ውጪውን ጥረግ፣ መዝን፣ የባዶውን ጠርሙስ ክብደት ቀንስ፤ ግራሙ ያው ሚሊ ሊትር ነው።

ስሌቱ ምን ይጠብቃል? ሐረር ላይ 20 ዲግሪና 81 ኪሎ ፓስካል፣ ድሬ ላይ 30 ዲግሪና 88 ኪሎ ፓስካል ይሁን። ግፊቱ ብቻ ቢሆን 2 ሊትሩ በ160 ሚሊ ሊትር ይቀንስ ነበር። ሙቀቱ ግን መልሶ ስለሚያስፋፋው የሚገባው ውኃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። የሙቀት መጠኑን በኬልቪን መቁጠርህን እንዳትረሳ፤ 20 ማለት 293፣ 30 ማለት 303 ነው። ልጆች 20ን ለ30 አካፍለው ጉድ ያወጣሉ።

የሚያበላሸው፦ ክዳኑ የሚያስተነፍስ ከሆነ (ከመነሳትህ በፊት ውኃ ውስጥ ጨምቀህ አረፋ እንዳይወጣው ፈትሽ)፤ ጠርሙሱ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከመጣ፤ ወይም ስስ ጠርሙስ ሆኖ ክዳኑ ከተፈታ በኋላም ጎኑ እንደተጨማደደ ከቀረ። ለዓይን ስሱ ሃይላንድ ጥሩ ነው፣ በደንብ ይገባል። ለልኬት ግን የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይሻላል፣ ወፍራም ስለሆነ ቅርጹን ይመልሳል። ሚኒባሱ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ተገላቢጦሹ አለልህ፤ ድሬ የታሸገ የቺፕስ ላስቲክ ሐረር ሲደርስ ከበሮ ሆኖ ይነፋል።

አሸዋ_ሜዳ፦

ስለ ጤፉ ጥያቄ። የጠየቀው ተማሪ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። "የሚፈስ" ማለት አይበቃም። ፈሳሽ ዝም ብሎ ሲቆም ላዩ ይስተካከላል፤ የተከመረ ፈሳሽ የለም። ጤፍ ግን ይከመራል። ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ከአንድ ቦታ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱት፣ ጉብታ ይሠራል፤ የጉብታው ተዳፋት የተወሰነ ዘንበልታ ላይ ሲደርስ ይናድና እንደገና እዚያው ዘንበልታ ላይ ይቆማል። ለደረቅ አሸዋ ይህ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው (የማዕዘን ዲግሪ ማለቴ ነው፣ የሙቀቱ አይደለም)። ፍሬዎቹ እርስ በርስ በሰበቃ ይያያዛሉ። እያንዳንዷ የጤፍ ፍሬ ቅርጿንም ይዘቷንም አትለቅም፤ ጠጣር ናት። የሚፈሰው ክምችቱ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማሳያ የግንበኛ ውኃ ልክ ነው። ግንበኞች ሁለት ጫፍ ላይ ምልክት ለማስተካከል የሚጠቀሙባትን ብርሃን የምታሳልፍ ጎማ 2 ሜትር ያህል አምጡ፣ እንደ ዩ ፊደል አጥፋችሁ ግድግዳ ላይ እሰሩ። በአንዱ አፍ ውኃ ስትጨምሩ ሁለቱም ጎን እኩል ይቆማል፤ አንዱን ጎን ብታነሱም ውኃው ተከትሎ ይስተካከላል። ውኃውን አፍስሳችሁ ጎማውን በደንብ አድርቁና (እርጥብ ከሆነ ጤፉ ይጣበቃል) በጤፍ ሞክሩት። ጤፉ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ይቀመጣል፣ በሌላው ጎን አይወጣም። ተማሪ ይህን ካየ በኋላ "ጤፍ ፈሳሽ ነው" አይልም። ከሥር ያለው ፈሳሽ ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ ያስተላልፋል፤ ጤፍ ግን አብዛኛውን ጫና ለጎማው ግድግዳ ያወርሳል።

አሸዋ ላይ ሌላም የሚታይ አለ። ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ታጥቦ ይድረቅ፣ 500 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በማሰሮ ይቀመጥ። 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። 700 አይሆንም፤ ውኃው ከአሸዋው ላይ ገና ብቅ ይላል ወይም ላዩን ይነካል። ከአሸዋው 35 እስከ 40 በመቶው ባዶ ቦታ ነበር። እዚያው ላይ "ደረቅ ነው" ያልነው ወንዝ ሥር ውኃ የሚገኘው ለምን እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል፤ "ቀልጦ የማያውቅ ጠጣር የለም፣ ሁሉም የራሱ የመቅለጫ ነጥብ አለው" ብላችሁ አታስተምሩ። በረዶ ንጹሕ ነገር ስለሆነ በአንድ ነጥብ ይቀልጣል። ቅቤ ድብልቅ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይላላል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ይሆናል። ለዚህ ነው የድሬ የግንቦት ቀትር ቅቤን መልክ የሚያሳጣት። እጣን ደግሞ ጭራሽ አይቀልጥም ቢባል ይሻላል፤ ይለሰልስና ሳይፈስስ መቃጠል ይጀምራል። ወረቀትም ከመቅለጡ በፊት ይከስላል። መስታወት ጠጣር ነው፣ ግን ሞሎኪዩሎቹ እንደ ጨው በረድፍ አልተደረደሩም፤ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይላላል። "የድሮ መስኮት ሥሩ የወፈረው መስታወቱ ስለፈሰሰ ነው" የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ድሮውኑ ሲሠራ ወጥ ውፍረት አልነበረውም።

የ7ኛ_ቢ_መምህር፦

አመሰግናለሁ፣ የውኃ ልኳ ሐሳብ ልቤን ወሰደችው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ከጀበና አፍ የሚወጣውን ነጭ ነገር "ይኸው ጋዝ" ብዬ ባሳያቸው ስህተት ነው? ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ጠጣር ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ሲሆን ለማሳየት ናፍታሊን (ልብስ መሃል የሚደረገውን የብል መከላከያ) አሙቁ ይላል። ክፍል ውስጥ ይሆናል?

ቦይለር_ቤት፦

ነጩ ጋዝ አይደለም መምህር፤ ፈሳሽ ነው። የውኃ ጋዝ አይታይም። ጀበናው ሲፈላ አፉን በጎን ከጨለማ ግድግዳ ፊት ይመልከቱ፤ ከአፉ ቀጥሎ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ምንም የማይታይበት ቦታ አለ፣ ነጩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ያ ባዶ የሚመስለው ቦታ ነው እውነተኛው የውኃ ጋዝ። ነጩ፣ ጋዙ ቀዝቃዛውን አየር ሲያገኝ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ተመልሶ ነው። ሻማ ለኩሰው ነጩን ቢያስጠጉት ይጠፋል፣ ጠብታው እንደገና ስለሚተን። ቀዝቃዛ ማንኪያ ባልታየው ቦታ ላይ ቢይዙ ወዲያው ውኃ ይንጠባጠብበታል። ጣት ግን እንዳይገባ! የማይታየው ቦታ ከነጩ የበለጠ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይ ፈሳሽ ሲሆን እነዚያን 2,260 ጁሎች በግራም መልሶ የሚተፋው እዚያው ቆዳው ላይ ነው። የቦይለር ሠራተኛ ፉጨት ሰምቶ ምንም ካላየ ወደፊት አይራመድም።

ቁጥር ለሚወድ ተማሪ፦ 1 ግራም ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ጋዝ ሲሆን 1,900 ሚሊ ሊትር ያልፋል። ስለዚህ በጋዝ ውስጥ ሞሎኪዩሎቹ ምን ያህል እንደተራራቁ መናገር አያስፈልግም፤ ርቀቱ ወደ 12 እጥፍ ይሆናል (1,900 የ12.4 ሦስተኛ ርቢ ነው)።

ፈሳሽና ጋዝ አብረው በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲኖሩ ለማየት ብርሃን የምታሳልፍ ርካሽ ላይተር ግዙ። ውስጧ ያለው በዋናነት ቡቴን ነው፤ የመፍያ ነጥቡ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ነው። በክፍል ሙቀት ጋዝ መሆን የነበረበት ነገር ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠው ከ2 እስከ 3 የከባቢ አየር ግፊት ስለተጫነው ነው፤ የሚጫነውም የራሱ ጋዝ ነው። ጥርሱን ሳያሽከረክሩ ቁልፉን ብቻ ይጫኑ፤ ፈሳሹ ውስጥ አረፋ ሲነሳ ይታያል። ሳይሞቅ ፈላ ማለት ነው! የግፊትን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ይህን ከቤት ውጪ፣ እሳት በሌለበት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያድርጉ። ቡቴን ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በቶሎ አይበተንም።

የማብሰያ ሲሊንደርም ይኸው ነው፣ ትልቋ ላይተር በሉት። ሰው የግፊት መለኪያ አስሮ "ገና ብዙ አለ" ይላል፤ ግፊቱ ግን ውስጡ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ በመጠኑ አይለወጥም፣ የሚለወጠው በሙቀት ነው። ስንት እንደቀረ ማወቅ የሚቻለው በሚዛን ነው፤ የባዶው ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጿል፣ ያንን መቀነስ ነው። ሚዛን ከሌለ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ለብ ያለ ውኃ አፍስሳችሁ በእጅ ዳስሱት፤ ፈሳሹ ካለበት ከፍታ ጀምሮ ወደ ታች ብረቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ ፈሳሹ ሙቀቱን ይውጠዋል። ሲሊንደር ከ80 እስከ 85 በመቶ በላይ የማይሞላውም ለዚህ ነው፦ ድሬ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ፈሳሹ ይሰፋል፤ ጋዝ የያዘው ቦታ ይጨመቅለታል፤ ያ ቦታ ከሌለ ግን ፈሳሽ አይጨመቅምና ብረቱን ነው የሚገፋው።

ናፍታሊን ክፍል ውስጥ? በፍጹም። መጀመሪያ ነገር፣ ናፍታሊን በ80 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እንደ መጽሐፉ ካሞቁት ፈሳሽ ያዩና ልጆቹ ግራ ይጋባሉ። በቀጥታ ጋዝ የሚሆነው ከዚያ በታች ነው፣ ዝግ ብሎ። ሁለተኛ፣ ጭሱ ጤና ይነሳል፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። ማን እንዳለበት በመልክ አይታወቅም። ማሳየት ካስፈለገ ካፉር የሚባለው ጠረናማ ነጭ ጠጣር በጥፍር ቁራሽ ልክ ክፍት አየር ላይ፣ ፀሐይ በመታው ሳህን ይቀመጥና በጠዋትና በማታ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይመዘን። ቁራሿ ትቀንሳለች፣ ሳህኑ ግን አይረጥብም። የቤት ማቀዝቀዣም ይህን ያደርጋል፦ ሳይሸፈን የቆየ በረዶ ኩብ ሳይቀልጥ እየመነመነ ይሄዳል።

የጀጎል_ጀርባ፦

ላልተነሳው አንድ ልጨምር። የኮኮናት ዘይት ሞክሩ። በ24 እና 25 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ይህ ቁጥር ልክ የድሬና የሐረር መሃል ላይ ያረፈ ነው። በአንድ ቀን ድሬ ሱቅ ላይ እንደ ውኃ የሚቀዳው ሐረር ላይ በማንኪያ ይቆፈራል። ገዢዎች ሐረር ላይ "ሻማ ቀላቅለውበታል"፣ ድሬ ላይ ደግሞ "ውኃ ነው የሸጡልኝ" ይላሉ፤ ዘይቱ አንድ ነው። ክረምትም በጋም ሐረር ሌሊቱ ከ24 በታች ስለሆነ ማቀዝቀዣ እንኳ አያስፈልግም።

ለክፍል፦ ብርጭቆ ውስጥ 100 ግራም ቅለጡ፣ የላዩን ልክ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ በረዶ ውኃ ውስጥ አቁሙት። ሲረጋ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ከምልክቱ በታች ይወርዳል፤ ጠጣሩ ከፈሳሹ ያነሰ ቦታ ይይዛል፣ ፈሳሹ ውስጥ ብትጥሉት ይሰምጣል። ከዚያ ውኃን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋልና ይንሳፈፋል፤ ጢም ተደርጎ የተሞላ የመስታወት ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ የሚሰነጠቀው በዚሁ ነው። ደንቡ የዘይቱ ነው፤ ብርቁ ውኃው ነው። መጽሐፎች በረዶን ቀድመው ስለሚያስተምሩ ልጆች ሁሉም ጠጣር የሚንሳፈፍ ይመስላቸዋል።

የሚያሳስት ነገር አለው፤ የቀለጠው ዘይት ዝም ብሎ ከተቀመጠ 20 ዲግሪ ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ከረጋ ዘይት በቢላ ጫፍ ፍርፋሪ ጣል አድርጉበት፣ ከዚያች ቦታ ጀምሮ ነጭ ይሆናል። "ፍራክሽኔትድ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ወይም ከሌላ ዘይት ጋር የተደባለቀ የፀጉር ቅባት ግን አትግዙ፤ ሐረር ብርድ ላይም አይረጋም።

ፕላዝማን "አራተኛው ሁኔታ" ብሎ ለ7ኛ ክፍል መጥቀስ ይበቃል፦ መብረቅ፣ ፀሐይ፣ የበራ የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለው ጋዝ። የብየዳ ብልጭታም ነው፣ ግን ያንን በዓይን አታሳዩ።

ብልቃጥ፦

መምህር፣ መጨረሻ ላይ ስለ ቴርሞሜትሩ። ከፈላ ውኃ አውጥተው ወዲያው በረዶ ውስጥ አይክተቱ፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አየር ላይ ከ40 በታች እስኪወርድ ይጠብቁ። ደግሞ ቀዩ መስመር መሃል ላይ ተቆርጦ ከሆነ (በመንገድ ሲንገላታ ይሆናል) በክፍተቱ ልክ ይሳሳታል። መፍትሔው፦ ሦስት እጅ የተቀጠቀጠ በረዶ ከአንድ እጅ ጨው ጋር ሲቀላቀል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ አምፑሉን ብቻ እዚያ ውስጥ ይክተቱት። ቀዩ ፈሳሽ ወደ ታች ሲሸሽ የተቆረጠውን ጫፍ ይጎትተዋል፤ አልገናኝ ካለ ቀጥ አድርገው ይዘው መዳፍዎ ላይ ቀስ አድርገው ደጋግመው ይምቱት። ሲገናኝ በዝግታ ይሙቅ፣ ከዚያ እንደገና በበረዶ ውኃ 0 ይፈትሹት።